አዲስ ሹም በደጋፊዎች ዓይን

ሰው አዲስ ሹመት ባገኘ ጊዜ «ሹመት ያዳብር» ብሎ ደስታን መግለጽ የቆየ የአገራችን ልማድ ነው። ቃሉ አጭር ቢሆንም ምርቃትም ምኞትም አለበት፤ አስተውሎ ለመረመረውም ሰው ጥቂት ስጋት አይጠፋበትም። ሹሙ ሥራውን ገና አልጀመረምና፥ መራቂው የሚመርቀው ያየውን ሥራ ሳይሆን ተስፋ ያደረገውን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሕዝቡ የሹሙን አረማመድ ይመለከታል፤ ንግግሩን ይመዝናል፤ ከማን ጋራ እንደ ተቀመጠና ለማን ጆሮውን እንደ ሰጠ ይጠያይቃል። ወር ሳይሞላም «ይህ ሰው እንዲህ ያለ ነው» ብሎ ፍርዱን ይሰጣል። ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ ይቀናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከእውነቱ እኩሌታውን ብቻ ያያል።

ይህ ነገር በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በደብር አስተዳደር ብቻ የሚታይ አይደለም። ሕዝብ ልቡን የሰጠው ሥራ ባለበት ስፍራ ሁሉ ይገኛል። በዛሬውም ዘመን ከእግር ኳስ ማኅበር ይልቅ ብዙ ሰው ልቡን የሰጠው ሥራ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ አንድ የታወቀ የእግር ኳስ ማኅበር አዲስ ዋና ሥራ አስኪያጅ በሾመ ጊዜ ደጋፊዎቹ እንዴት እንደ ተቀበሏቸው፥ በመጀመሪያውም አስተያየታቸው ምን እንዳዩና ምን እንዳላዩ ለአንባቢዎቻችን መግለጽ ጥቅም ያለው ነገር ሆኖ ታየን። ኳስ የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ነገሩን የሚንቅ ቢኖር፥ ጥቂት ታግሦ እስከ መጨረሻው ያንብብ፤ የምንናገረው ስለ ኳስ ብቻ አይደለምና።

አስቀድሞ የሹመቱን ዓይነት መለየት ይገባል። በእግር ኳስ ማኅበር ውስጥ አሠልጣኙ ተጫዋቾችን ያስተምራል፥ ማን እንደሚሰለፍም ይወስናል። ባለአክሲዮኖቹ ገንዘቡን ያወጣሉ፥ ንብረቱም የእነርሱ ነው። ዋናው ሥራ አስኪያጅ ግን በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። የተጫዋቾችን ውል ያስፈጽማል፤ ከነጋዴዎች ጋራ የማስታወቂያ ውል ይዋዋላል፤ የመግቢያ ቲኬት ዋጋ ምን ያህል እንዲሆን ሐሳብ ያቀርባል፤ የዓመቱንም ሥራ ለባለአክሲዮኖች ጉባኤ ያስረዳል። ቡድኑ ሲያሸንፍ ምስጋናው ለአሠልጣኙና ለተጫዋቾቹ ይሆናል፤ ሲሸነፍ ወይም ዋጋ ሲወደድ ግን «ሥራ አስኪያጁ ወዴት አለ?» ይባላል። እንግዲህ ክብሩ ጥቂት፥ ተጠያቂነቱ ብዙ የሆነ ሹመት ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ የሚገኘውን አርሰናል የተባለውን ማኅበር ነው። ስለዚህ ማኅበር ለአገራችን ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ቅዳሜና እሑድ በአዲስ አበባና በየአውራጃው ከተማ በቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ የሚጨነቀው ወጣት፥ ለንደንን በዓይኑ ሳያይ፥ የዚህን ቡድን ተጫዋቾች ስም እንደ ዘመዶቹ ስም ይቈጥረዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ማኅበሩ በ1886 በዉልዊች በነበረው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ተመሠረተ፤ ስሙም ከዚያው የወጣ ነው። በ1913 ወደ ሰሜን ለንደን ተዛውሮ በሃይበሪ ሰፈር ሜዳ አበጀ። ከዚያ ወዲህ ደጋፊነቱ ከአባት ወደ ልጅ፥ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ እንደ ርስት ሲተላለፍ ኖረ። አባት ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ያስገባበት በር፥ ልጁ አርጅቶ የራሱን ልጅ የሚያስገባበት በር ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ደጋፊው ማኅበሩን «የእኔ» ይለዋል። በሕግ ፊት ግን ማኅበሩ የባለአክሲዮኖች ነው። የነገሩ ሁሉ ሥር ይኸው ነው፤ በፍቅር ባለቤት የሆነው ሌላ፥ በሕግ ባለቤት የሆነው ሌላ ነው።

በ2006 አርሰናል 38,000 ያህል ሰው ከሚይዘው ከሃይበሪ ወጥቶ 60,000 ያህል ሰው ወደሚይዘው አዲስ ስታዲዮም ገባ። የሥራው ወጪ 390 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ስለ ሆነ ማኅበሩ ከባድ ዕዳ ተሸከመ። ከ1996 ጀምሮ አሠልጣኝ የነበሩት ፈረንሳዊው ሙሴ አርሴን ቬንገር በ2004 ቡድኑን በሊጉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸነፍ ለዋንጫ ያበቁት ሰው ናቸው፤ ከዕዳው በኋላ ግን ውድ ተጫዋች መግዛት ትተው ልጆችን እያሳደጉ ማጫወት ግድ ሆነባቸው። በ2007 ተጫዋቾችን በመግዛትና በመሸጥ ብልሃት የታወቁት የሊቀ መንበሩ ምክትል ዴቪድ ዲን ከማኅበሩ ተለዩ። በ2008 ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ኪት ኤደልማን ለቀቁ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የቡድኑ አምበል ዊልያም ጋላስ ከአምበልነቱ ተሽሮ፥ የ21 ዓመቱ ወጣት ሴስክ ፋብሬጋስ ተተካ። ደጋፊው መጋቢ እንደሌለው ቤት ሆኖ የተሰማው በዚህ ጊዜ ነው።

በዚያ መካከል ቤቱን የጠበቁት ሚስተር ኬን ፍራየር የተባሉ ሽማግሌ ናቸው። ስለ እሳቸው እንደሚነገረው፥ ገና ሕፃን ሳሉ በሃይበሪ በር ላይ ኳስ ሲጫወቱ ኳሱ ከአንድ መኪና ሥር ገባ። ለማውጣት ሲንፏቀቁ የመኪናው ባለቤት፥ በዚያን ዘመን የቡድኑ አዛዥ የነበሩት ጆርጅ አሊሰን፥ ደረሱባቸው። ልጁ ቁጣን ሲጠብቅ የመላላክ ሥራ ተሰጠው ይባላል። ከመላላክ ተነሥተው እስከ ማኅበሩ የአስተዳደር ጉባኤ አባልነት ደረሱ። ዛሬ ወደ ስታዲዮሙ ከሚያስገቡት ድልድዮች አንደኛው በስማቸው ይጠራል፤ ኳስ የሚጫወት የሕፃን ሐውልትም በላዩ ቆሟል። ይህን የተናገርነው በከንቱ አይደለም። ደጋፊዎቹ አዲሱን ሹም የሚያነጻጽሩት ከእንደዚህ ያለ ሰው ጋራ ነበርና ነው።

በኅዳር ወር 2008 አዲሱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሚስተር አይቫን ጋዚዲስ እንደሚሆኑ ተገለጸ፤ ሥራቸውንም በጥር ወር 2009 ጀመሩ። ሚስተር ጋዚዲስ በ1964 በደቡብ አፍሪካ በጆሃንስበርግ የተወለዱ፥ ዘራቸው ከግሪክ የሚመዘዝ ናቸው። አባታቸው ሐኪም ሲሆኑ ጥቁሩን ከነጩ የሚለየውን የአፓርታይድ አገዛዝ በመቃወማቸው ታስረው ነበር። ልጁ የአራት ዓመት ዕድሜ ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። በማንቸስተር አድገው በኦክስፎርድ ሕግ ተማሩ፥ ለዩኒቨርሲቲውም ቡድን ኳስ ተጫወቱ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በ1994 ሜጀር ሊግ ሶከር የተባለውን የአሜሪካ ሊግ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆኑ፤ በኋላም የሊጉ ምክትል ኮሚሽነር ሆነው ሠሩ።

እንግዲህ እኒህ ሰው በመጡ ጊዜ የደጋፊው አስተያየት በአራት ጥያቄዎች ዙሪያ ይመላለስ ነበር ማለት ይቻላል። ፊተኛው «ከወዴት መጣ?» የሚለው ነው። የአሜሪካ ሊግ በእንግሊዞች ዘንድ ገና እንደ ሕፃን ይቈጠር ነበርና፥ ከዚያ የመጣ ሰው የመቶ ዓመት ልማድ ያለውን ቤት እንዴት ያውቃል ብለው የተጠራጠሩ ነበሩ። የአሜሪካ ንግድ ሁሉን በገንዘብ ይመዝናል የሚል ስጋትም ነበራቸው። ሌሎች ግን በማንቸስተር ማደጋቸውንና ኳሱን ራሳቸው መጫወታቸውን ሲሰሙ ልባቸው ረጋ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቤቱ ያደገ አገልጋይና ከሩቅ አገር ተጠርቶ የመጣ አዋቂ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ የአንዱ እውቀት በሌላው አይተካም።

ሁለተኛው ጥያቄ «የማን ሰው ነው?» የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ የማኅበሩን አክሲዮን ይገዙ ከነበሩት ባለጠጎች መካከል አሜሪካዊው ስታን ክሮንኬ ይገኙ ነበር። ሚስተር ክሮንኬ በአሜሪካው ሊግ ውስጥ የአንዱ ቡድን ባለቤት ስለ ነበሩና በ2008 ወደ አርሰናል የአስተዳደር ጉባኤ ስለ ገቡ፥ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከዚያው ሊግ መምጣታቸው ነገሩን ለሚጠራጠሩ ሰዎች ምክንያት ሆነ። ይህ ጥያቄ ከአራቱ ሁሉ ጥልቅ የሆነው ጥያቄ ነበረ። ነገር ግን መልሱ በቶሎ የማይታይ ስለ ሆነ ጥቂት ተነጋገሩበትና ተዉት። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው ጥያቄ «ከሙሴ ቬንገር ጋራ እንዴት ይሆናል?» የሚል ነው። አሠልጣኙ በቤቱ ከአሥር ዓመት በላይ የኖሩ፥ ክብራቸው ከማንም የሚበልጥ ሰው ናቸው። አዲስ ሹም አንጋፋውን ሲያከብር ፈሪ ይባላል፤ ሲያዝዘው ደግሞ ደፋር ይባላል። ሚስተር ጋዚዲስ የመረጡት አክብሮትን ነበር። ገና በመጀመሪያው ወራቸው ማኅበሩ የሩስያውን ተጫዋች አንድሬ አርሻቪንን ለመግዛት ሲደራደር፥ የዝውውሩ ጊዜ በሚያበቃበት ቀን ለንደን በከባድ በረዶ ተሸፈነች። ነገሩ ሰዓት ካለፈ በኋላ ተፈጽሞ በማግሥቱ ጸደቀ። ተጫዋቹም በሚያዝያ ወር በሊቨርፑል ሜዳ አራት ግብ አገባ። ደጋፊው ይህን ባየ ጊዜ «አዲሱ ሰው እጁ መልካም ነው» አለ። አርሻቪንን መርጠው የፈለጉት አሠልጣኙ ነበሩ፤ ሆኖም ሹም በገባበት ወር የዘነበ ዝናብ ሁሉ ለሹሙ ይቈጠርለታል።

አራተኛው ጥያቄ «ያዳምጠናልን?» የሚል ነው። በዚህ በኩል ሚስተር ጋዚዲስ መልካም ስም አተረፉ። በ2003 የተመሠረተው የአርሰናል ደጋፊዎች ባለአደራ ማኅበር በሚያዘጋጀው ስብሰባ በየጊዜው እየተገኙ በቀጥታ ለሚቀርብላቸው ጥያቄ መልስ ይሰጡ ነበር። የሕግ ሰው ስለ ሆኑ ነገርን በሥርዓት አስረድተው መናገር ያውቃሉ። ባለአደራ ማኅበሩም በ2010 አንድ ተራ ደጋፊ የአክሲዮንን ክፋይ በጥቂት ገንዘብ ገዝቶ ባለቤት የሚሆንበትን ዘዴ ባወጣ ጊዜ የአርሰናል አስተዳደር ዘዴውን ደገፈው። የአክሲዮኑ ዋጋ ከተራው ሰው ዓቅም በላይ ስለ ነበር፥ ይህ ዘዴ በፍቅር ባለቤት የሆነውን በሕግም ባለቤት ለማድረግ የተከፈተ ጠባብ በር ነበር።

የመጀመሪያው አስተያየት በጠቅላላው መልካም ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። የተማረ፥ ትሑት፥ የሚያዳምጥ፥ አንጋፋውን የሚያከብር ሰው መጣ ተባለ። ይህም ሐሰት አልነበረም። ከዚህ በኋላ የሆነውን ስንመለከት ግን ደጋፊው የሰውየውን ጠባይ አይቶ የሹመቱን ወሰን ሳያይ እንደ ቀረ እናስተውላለን።

በሚያዝያ ወር 2011 ሚስተር ክሮንኬ ለአንዱ አክሲዮን 11,750 ፓውንድ እየከፈሉ ከማኅበሩ እኩሌታ የሚበልጠውን ያዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አስኪያጁ የብዙ ባለአክሲዮኖች መልእክተኛ መሆናቸው ቀርቶ የአንድ ባለጠጋ ተቀጣሪ ሆኑ። ጠባያቸው አልተለወጠም፤ ወንበራቸውም አልተለወጠም፤ ወንበሩ የተተከለበት መሬት ግን ተለወጠ። የአክሲዮን ክፋይ የመግዛቱም ዘዴ እየደከመ ሄዶ ቀረ፤ የሚሸጥ አክሲዮን በገበያ ላይ ጠፍቷልና።

የቲኬትም ዋጋ ደጋፊውን አስመረረው። በጥር ወር 2013 የማንቸስተር ሲቲ ደጋፊዎች ወደ አርሰናል ስታዲዮም ለመግባት 62 ፓውንድ ተጠየቁ። ብዙዎቹ እምቢ ስላሉ ከ900 የሚበልጥ ቲኬት ሳይሸጥ ተመለሰ። የገቡትም የዋጋውን መናር የሚወቅስ ጽሑፍ ዘርግተው ታዩ። እንግዲህ ከሩቅ የመጣው እንግዳ እንዲህ ከተማረረ የቤቱ ሰው ምን ይበል? በ2014 ለአንድ ዓመት የሚያገለግለው የርካሹ ወንበር ዋጋ ከ1,000 ፓውንድ ያልፍ ነበር። ነገሩ በአርሰናል ብቻ ስላልቆመ ከ2016 ጀምሮ የእንግሊዝ ፕሬሚየር ሊግ ለእንግዳ ቡድን ደጋፊዎች የሚሸጠው ቲኬት ከ30 ፓውንድ እንዳይበልጥ ደነገገ።

በሜዳውም ቢሆን ነገሩ ድብልቅ ነበር። በ2013 ሜሱት ኦዚል በ42.5 ሚሊዮን ፓውንድ በተገዛ ጊዜ «የችግሩ ዘመን አለፈ» ተባለ። በ2014 ማኅበሩ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዋንጫ አገኘ፤ በ2015ና በ2017ም የእንግሊዝን ዋንጫ ደገመ። ነገር ግን የሊጉ ዋንጫ ራቀ። በ2017 አርሰናል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳያቋርጥ ሲገባበት ከኖረው ከአውሮፓ ታላላቅ ቡድኖች ውድድር ቀረ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ቡድኑ በዌስት ብሮምዊች ሲጫወት አንድ አውሮፕላን ቬንገር ይውጡ የሚል ጽሑፍ እየጎተተ በሰማይ አለፈ፤ ሌላውም አውሮፕላን እሳቸውን የሚያከብር ጽሑፍ እየጎተተ ተከተለ። አንድ ቤተ ሰብ በሰማይ ላይ ሲጣላ ታየ። ከመካከሉ የቆሙት ሥራ አስኪያጅ አንዱን ወገን ደስ ሲያሰኙ ሌላውን ማሳዘናቸው የማይቀር ነበር።

በጥቅምት ወር 2017 በተደረገው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ነገሩ ሁሉ ግልጥ ሆኖ ወጣ። በአዳራሹ የተገኙት ሰዎች ሊቀ መንበሩ እንደ ገና እንዲመረጡ ድምፅ ሲጠየቁ እጃቸውን እያወጡ ተቃወሙ። ነገር ግን ድምፁ በአክሲዮን ብዛት በተቈጠረ ጊዜ ምርጫው ጸደቀ። በአዳራሹ እጅ ቢበዛም ጉዳዩን የወሰነው አክሲዮን ነበር። ቢሆንም ያ ጉባኤ ዋጋ አልነበረውም ማለት አይደለም። በዓመት አንድ ቀን ከአባቱ አንድ አክሲዮን የወረሰ ሽማግሌ ተነሥቶ፥ የማኅበሩን ሹማምንት ፊት ለፊት «ይህን ለምን አደረጋችሁ?» ብሎ የሚጠይቅበት፥ እነርሱም መልስ ሳይሰጡ የማይወጡበት ስፍራ ነበርና።

በ2018 ይህ በር ተዘጋ። ሚስተር ክሮንኬ ከሩስያዊው ባለጠጋ አሊሸር ኡስማኖቭ 30 በመቶ ያህሉን አክሲዮን ገዝተው ከዘጠና በመቶ ስላለፉ፥ የእንግሊዝ ሕግ በሚፈቅደው መሠረት የቀሩትን ጥቃቅን ባለአክሲዮኖች በግድ እንዲሸጡላቸው አደረጉ። ለአንዱ አክሲዮን ከ29,000 ፓውንድ በላይ ተከፈለ። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከአያቱ የተረከበውን ወረቀት በመስታወት አስገብቶ በግድግዳው ላይ ሰቅሎት ለኖረ ሰው ዋጋው ገንዘብ አልነበረም። የሚጠይቅበት አፍ ተወሰደበት። በሕግ ረገድ በደል አልተፈጸመም፤ ሆኖም ሕግ የፈቀደው ሁሉ ኀዘን የለበትም ማለት አይቻልም።

በዚያው ዓመት በግንቦት ሙሴ ቬንገር ከ22 ዓመት አገልግሎት በኋላ ተሰናበቱ። ሚስተር ጋዚዲስ አዲስ አሠልጣኝ ሾሙ፤ የሥራውንም ክፍል እንደ ገና አደራጁ። ይሁን እንጂ አራት ወር ሳይሞላ በመስከረም 2018 ወደ ኢጣልያው ኤሲ ሚላን እንደሚሄዱ ተገለጸ። ብዙ ደጋፊዎች «ቤቱን አፍርሶ ሳይሠራው ሄደ» ብለው ተቈጡ። በ2009 በመልካም ፊት የተቀበሉት በ2018 በቅሬታ ሸኙ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ሚላን በዚያን ጊዜ በዕዳና በሥርዓት ማጣት የደከመ ማኅበር ነበረ። ሚስተር ጋዚዲስ በዚያ በሥራ አስኪያጅነት ሳሉ በ2021 በጉሮሮ ነቀርሳ ታመው ሕክምና ተቀበሉ፤ ድነውም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በ2022 ሚላን ከ11 ዓመት በኋላ የኢጣልያን ሻምፒዮና አሸነፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻም በክብር ተሰናበቱ። «ፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው» ይባላል። ሰውየው አንድ ናቸው፤ እውቀታቸውም አንድ ነው፤ የተሾሙበት ቤት ግን ሁለት ነበር። በአንዱ ቤት ደካማ፥ በሌላው ብርቱ የተባሉት ጠባያቸው ስለ ተለወጠ ብቻ አይደለም፤ ከኋላቸው የቆመው ባለቤት፥ የተሰጣቸው ሥልጣንና የተመደበላቸው ገንዘብ ልዩ ልዩ ስለ ነበረ ጭምር ነው።

እንግዲህ የደጋፊው የመጀመሪያ አስተያየት ከንቱ ነበርን? አይደለም። ያዳምጣሉ ያላቸው ሰው በእርግጥ ያዳምጡ ነበር። ስሕተቱ ማዳመጥን ከመፈጸም ጋራ አንድ አድርጎ መቍጠሩ ላይ ነው። የሰማውን ለመፈጸም ሥልጣን የሌለው ሹም፥ ጆሮው የቱን ያህል ቢከፈት እጁ የታሰረ ነው። አዲስ ሹም በመጣ ጊዜ «መልካም ሰው ነውን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ግን እኩሌታው ብቻ ነው። የቀረው እኩሌታ «የሾመው ማን ነው? እስከ ምን ድረስ ይፈቀድለታል? ባይፈጽምስ ማን ይጠይቀዋል?» የሚለው ነው። ከአራቱ ጥያቄዎች ደጋፊዎቹ በቶሎ የተዉት ሁለተኛው፥ ይኸውም «የማን ሰው ነው?» ያሉት፥ ከሁሉ ይልቅ ሊይዙት የሚገባቸው ጥያቄ ነበረ። የጠየቁትም ለሐሜት እንዲሆን ሳይሆን ሥርዓት ለማቆም ቢሆን ኖሮ ይጠቅማቸው ነበር።

በጀርመን አገር ይህን ነገር በሥርዓት ለማሰር ሞክረዋል። በዚያ ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር የእግር ኳስ ማኅበሮች ከድምፁ እኩሌታ የሚበልጠውን ለአባላቱ እንዲያስቀሩ ደንብ አለ። በእንግሊዝ አገር ግን ነገሩ የተነቃቃው በሚያዝያ ወር 2021 ነው። አርሰናልን ጨምሮ ስድስት የእንግሊዝ ማኅበሮች ደጋፊዎቻቸውን ሳያማክሩ አዲስ የአውሮፓ ሱፐር ሊግ ለማቋቋም ተስማሙ። ደጋፊው ከዳር እስከ ዳር ስለ ተነሣባቸው በሁለት ቀን ውስጥ ወጡ፤ አርሰናልም ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ባዘዘው ምርመራ መነሻነት በ2025 ስለ እግር ኳስ አስተዳደር ሕግ ወጣ። በሕጉም መሠረት ራሱን የቻለ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ማኅበሮችም የቲኬትን ዋጋ፥ የማኅበሩን ቅርስና ይህን በመሳሰለው ጉዳይ ደጋፊዎቻቸውን እንዲያማክሩ ታዘዙ። በአንድ ሥራ አስኪያጅ ደግነት ላይ ቆሞ የነበረው ማዳመጥ እንግዲህ በሕግ ላይ ሊቆም ጀመረ።

በዚያው በ2025 ዓመት ሌላ የሚያስተምር ነገር ሆነ። በአርሰናል ከሚስተር ጋዚዲስ በኋላ ዋና ሥራ አስኪያጅ እስከ መሆን የደረሱት፥ በሱፐር ሊጉም ጊዜ በዚያው ሹመት የነበሩት ሚስተር ቪናይ ቬንካቴሻም የአርሰናል የጎረቤት ባላንጣ በሆነው በቶተንሃም ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። የቶተንሃም ደጋፊ የመጀመሪያ ጥያቄ ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም፤ «ከጠላት ቤት የመጣ ሰው እንዴት ይታመናል?» የሚል ነው። የ2009ኙን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው ግን ቢመክራቸው፥ «ከወዴት መጣ ከማለት ይልቅ ምን ተፈቀደለት በሉ» ይላቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ማተታችን የእንግሊዞችን ወሬ ለማብዛት አይደለም። በአገራችንም የቅዱስ ጊዮርጊስንና የኢትዮጵያ ቡናን፥ የሌሎችንም ማኅበሮች ደጋፊዎች ብንመለከት በፍቅር ባለቤት የሆነ ሕዝብ አለን። ከኳሱም ሜዳ ውጭ በየመሥሪያ ቤቱና በየደብሩ አዲስ ሹም በመጣ ቍጥር የሚገላመጥ፥ የሚመዝን፥ ተስፋ የሚያደርግ ሕዝብ አለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ክፉ ተረት በአፋችን የቀረው ሹሙን የምንጠይቅበት ስፍራ ስላላበጀን፥ ሹመትን እንደ አደራ ሳይሆን እንደ አዝመራ ስላየነው ነው።

ስለዚህ አዲስ ሹም የሆነ ሰው ሦስት ነገር ቢያደርግ ይጠቀማል። በገባበት ወር ሊያደርግ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ይናገር፤ ሰው የሚያዝነው በእምቢታ ሳይሆን ባልተፈጸመ ተስፋ ነውና። ሕዝቡን የሚያዳምጥበትን ቀንና ስፍራ በደንብ ይወስን፤ እሱ ሲሄድ አብሮት የማይሄድ ሥርዓት ይሁን። የሰማውንም ምን እንዳደረሰው ተመልሶ ያስረዳ። ሕዝቡም በበኩሉ በአንድ በረዶ ቀን በተገዛ ተጫዋች አያመስግን፥ በአንድ ሽንፈትም አይርገም። መጀመሪያ የተናገረውን ቃል በልቡ ጽፎ ይያዝ፤ ዓመቱም ሲሞላ አውጥቶ ከሥራው ጋራ ያስተያየው።

ያን ጊዜ «ሹመት ያዳብር» ያለ ሰው ምርቃቱ በነፋስ የተበተነ አይሆንም። የሚዳብር ሹመት ማለት ወንበሩ የሰፋ፥ ደመወዙ የበዛ ሹመት ማለት አይደለምና፤ ሹሙ ከወንበሩ ሲነሣ የሚጠይቀውን ሕዝብ ፊት ለፊት ለማየት የማያፍርበት ሹመት ነው።